«ማን በደለ?» — ስለ ሰው ልጅ መከራ ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ



በዚህ ጽሑፍ ከማናችንም ቤት የማይጠፋ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ይኸውም «መከራ በሰው ላይ ለምን ይመጣል?» የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። እኛ ግን ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት የደረሰብንን አንድ ነገር ልናወጋችሁ እንወዳለን፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን እርሱ ነውና።

በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ በብዙ የአገራችን ክፍል ሳይጥል ቀርቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ባስፈለገው ጊዜ፣ በሰሜን በኩል በሚገኝ አንድ ወረዳ እህል በማከፋፈል ላይ ነበርን። አንዲት እናት ተራዋ ደርሶ ቀረበች። በመዝገቡ ላይ የቤተሰቧ ቁጥር አምስት ይላል። እርሷ ግን «አራት በሉት» አለች። ትንሹ ልጇ በተቅማጥ ታሞ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነበር። ከዚያም ቀና ብላ አየችንና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስኪ ንገሩኝ፤ ምን በድዬ ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ከመካከላችን አንዱ ለመመለስ ቸኮለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሶ፣ ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚሆን፣ ልጁም የሄደው በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ ነገራት። እናቲቱ ምንም አልመለሰችም። ስንዴዋን ተሸክማ ሄደች። ከኋላዋ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤቷ ሊከተሏት ሲሉ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም» አሉት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሕዝቡ የሚጠጣው ከብቱ ከሚጠጣበት ኩሬ ነበር። ከመንደሩ አጠገብ የእጅ ፓምፕ ቆሟል፤ ነገር ግን ከተበላሸ አራት ወር አልፎታል። የጎደለው ከውስጡ የሚገባ አንድ ጎማ ነው። የውሃ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ማመልከቻዎቹን ከእኛው ቢሮ ፋይል ውስጥ አገኘናቸው። ፓምፑን የተከልነው እኛ ነን። መለዋወጫ እናቀርባለን ብለን ቃል የገባነውም እኛ ነን።

ያ ሕፃን የሞተው በዚያ ውሃ ምክንያት ነው ብለን በእርግጠኝነት ለመናገር አንችልም። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻለንም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን በአፋችን ስንናገር፣ የእኛ ቸልተኝነት ደግሞ በፋይል ውስጥ ተኝቶ ነበር። የእግዚአብሔርን ስም ጠርተን የራሳችንን ዕዳ ሸፈንበት።

ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት

ያቺ እናት ያነሣችው ጥያቄ የቆየ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት። ልብ እንበል፤ ሰውየው በፊታቸው ተቀምጦ ይሰማል፤ እነርሱ ግን እንደ ትምህርት ርእስ ነው የተነጋገሩበት። ጌታ ግን ጥፋተኛ ፍለጋውን አልተቀበለም። እርሱም ወላጆቹም የዚህ ምክንያት እንዳይደሉ ከተናገረ በኋላ፣ ቀን ሳለ መሥራት እንደሚገባ አስተማራቸው። ወዲያውም ጎንበስ ብሎ ጭቃ አደረገ፤ ሰውየውንም በሰሊሆም መጠመቂያ ይታጠብ ዘንድ ላከው።

ይህ ሰሊሆም የሚባለው ስፍራ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይም ይገኛል። በዚያ አንድ ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ሞተው ነበር። ጌታ ሰለ እነዚህ ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ የሞቱ እንዳይመስላቸው ሰሚዎቹን አስጠነቀቀ። ከዚያም ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ለንስሓ ጠራቸው። እንግዲህ በሁለቱም ስፍራ የጌታ አካሄድ አንድ ነው። ስለ ሌላው ሰው ኃጢአት የተጠየቀውን ጥያቄ አንሥቶ ወደ ጠያቂው ያዞረዋል። «እርሱ ምን በደለ?» ብለን የመጣን ሰዎች «እኛስ ምን እናድርግ?» እያልን እንመለሳለን።

መከራ አንድ ምንጭ ብቻ የለውም

ስለ መከራ የሚሰጠው ትምህርት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁሉን በአንድ ቁና ስንሰፍር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የመከራን ምንጮች ለይቶ ያሳየናል።

አንደኛ፣ ፍጥረት ሁሉ በመቃተት ላይ ነው (ሮሜ 8፥22)። ድርቅ፣ በሽታ፣ የመሬት መናወጥ ጻድቁንም ኃጥኡንም ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ሰው የዘራውን የሚያጭድበት ጊዜ አለ (ገላ. 6፥7)። ሰካራም ቤቱን ቢያፈርስ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ይህ እውነት ለራሳችን ሕይወት መመርመሪያ እንጂ በወደቀው ጎረቤታችን ላይ የምንወረውረው ድንጋይ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርሰው መከራ አለ። ነቢዩ አሞጽ ድሆችን ስለሚረግጡና በሐሰተኛ ሚዛን ስለሚያታልሉ ነጋዴዎች ጮኸ። ሐዋርያው ያዕቆብም የሠራተኞች የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጻፈ (ያዕ. 5፥4)። በዚህ ጊዜ የተበደለውን ሰው «ታገሥ» ብሎ መሸኘት ብቻ ከበዳዩ ጋር መተባበር ይሆናል።

አራተኛ፣ ሰው ስለ እምነቱና ስለ ጽድቅ የሚቀበለው መከራ አለ (1ኛ ጴጥ. 4፥12-16)። ይህን ሰው አውቆ ይሸከመዋል እንጂ ማንም በሌላው ትከሻ ላይ አይጭነውም።

በሰሜን አፍሪቃ የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. 354-430)፣ ክፋት በራሱ የቆመ ፍጥረት ሳይሆን የመልካም ነገር ጉድለት ነው ሲል አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለመከራ ሁሉ በቂ መልስ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ጎማ ጎድሎት የቆመውን ያን ፓምፕ ስናስብ ለሥራችን የሚጠቅም ጥያቄ ይሰጠናል። መከራ ባየንበት ስፍራ ሁሉ «እዚህ ምን ጎደለ? እንዲሞላስ የተሰጠው ለማን ነበር?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

አገራችን ያየችው

ይህን ነገር ከራሳችን ታሪክ ልንማረው እንችላለን። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ረሀብ፣ የመጣው ድርቅ፣ አንበጣና የከብት እልቂት ተደራርበው ነው። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሳይኖር እርሻ የለም። ከሕዝቡም ሲሶው እንዳለቀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ሰው ይህን ሁሉ የሰማይ ቁጣ ነው ብሎ ከማልቀስ በቀር ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ያ በሽታ የለም። የእንስሳት ሐኪሞች ክትባት ይዘው ለብዙ ዓመታት ከመንደር መንደር ከዞሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል። እንግዲህ «ቁጣ ነው» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ክትባቱን የሚፈልገው ማን ነበር?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነውም ትምህርት ይሰጠናል። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዚያን ዘመን በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው ምግብ እጅግ የቀነሰ አልነበረም። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ አጣ እንጂ። እንዲያውም ሰው በሚራብበት በወሎ በኩል እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ የረሀቡ ወሬ ተሸሸገ። በ1977ቱ ረሀብ ደግሞ በድርቁ ላይ ጦርነቱና የጊዜው መንግሥት ፖሊሲ ተጨምረው፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ዝናብን የሚከለክል ሰው የለም። መንገድን፣ ገበያንና ወሬን የሚዘጋው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ከሰማይ የመጣውንና ከምድር የተጨመረውን ሳንለይ «ሁሉም ከላይ ነው» ማለት ትሕትና አይደለም።

የኢዮብ ወዳጆች

መጽሐፈ ኢዮብን የምናነብ ሁሉ ወዳጆቹን እንወቅሳለን። ነገር ግን በመጀመሪያ ያደረጉት መልካም እንደ ነበረ አንርሳ። ከየአገራቸው መጡ፤ አለቀሱ፤ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥12-13)። የእኛ አገር ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፤ ለቅሶ ደራሹ ገብቶ በዝምታ ይቀመጣል፤ ሲነሣም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ለምን እንደ ሞተ የሚያብራራ የለም። እኒያ አሮጊት ባልንጀራችንን የገሠጹት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች የተሳሳቱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነበር። ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ወዳጃቸውን ከሰሱ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው ግን በሚጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነበር (ኢዮ. 42፥7)። ይህ ሊያስደነግጠን ይገባል። እግዚአብሔር በእንባ የቀረበለትን ክርክር ታገሠ። ስለ እርሱ በድፍረት የተነገረውን ማብራሪያ ግን አልተቀበለም።

በመዝሙረ ዳዊትም ከሚገኙት ጸሎቶች ብዙዎቹ ልቅሶዎች ናቸው። መዝሙር 88 (87) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ጩኸት ነው፤ በደስታም አያልቅም። ሆኖም ከመጽሐፍ ቅዱስ አልወጣም። በጉባኤያችን መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው የድል ምስክርነት ብቻ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው እሑድ ዕለት ስፍራ ካጣ፣ ስፍራውን የከለከለው እግዚአብሔር አይደለም።

እግዚአብሔር ወዴት ነው?

የርገን ሞልትማን የሚባሉ የጀርመን አገር የነገረ መለኮት መምህር (እ.ኤ.አ. 1926-2024) ነበሩ። በ1943 በሃምቡርግ ከተማ ላይ ቦምብ ሲዘንብ አጠገባቸው የነበረ ጓደኛቸው ሞተ፤ እርሳቸው ተረፉ። ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ኋላም ተማርከው እስከ 1948 ድረስ በእስር ቆዩ። በዚያ ሌሊት የጮኹት እግዚአብሔር ለምን ይህን ፈቀደ ብለው ሳይሆን ወዴት ነው ብለው እንደ ነበረ በኋላ ተናግረዋል። መጽሐፍ ቅዱስንም ያወቁት በእስር ቤት ነው። በ1972 ስለ ተሰቀለው አምላክ ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት መልስ፣ እግዚአብሔር የሰውን ሥቃይ ከሩቅ ሆኖ እንደማይመለከት፣ በልጁ መስቀል ላይ ወደ ሥቃዩ ውስጥ እንደ ገባ የሚያስረዳ ነው።

ይህ የወንጌል ልብ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ የጸለየው ከመዝሙር 22 (21) በወሰደው የልቅሶ ቃል ነበር። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ አለቀሰ (ዮሐ. 11፥35)። በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ደግሞ ራሱን ከተራበው፣ ከተጠማው፣ ከታረዘውና ከታሰረው ጋር ቆጠረ። እንግዲህ «እግዚአብሔር ወዴት ነው?» ተብሎ በዚያ የእህል ማከፋፈያ ብንጠየቅ ኖሮ፣ በዚያች እናት በኩል ቆሞ ነበር ማለት ይገባን ነበር። ከጠረጴዛው ወዲህ ቆመን መልስ የምንሰጠው እኛ ራሳችን ግን ተጠያቂዎቹ ነበርን።

«ለበጎ ሆነ» የሚለው ማን ነው?

ታዲያ መከራ ምንም መልካም ፍሬ የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ መከራ ትዕግሥትን እንደሚያፈራ አስተምሯል (ሮሜ 5፥3-4)። ስለ ሥጋው መውጊያም ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ በድካሙ ውስጥ የሚበቃ ጸጋ አገኘ (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ነገር ግን ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ቁስል ነው።

ዮሴፍም ወንድሞቹ ክፉ ያሰቡበትን እግዚአብሔር ለበጎ እንዳሰበው መስክሯል (ዘፍ. 50፥20)። ቃሉን የተናገረው ግን ወደ ጉድጓድ የተጣለው ዮሴፍ እንጂ የጣሉት ወንድሞቹ አልነበሩም። ወንድሞቹ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እንጀራ እየበሉ ይህን ቢሉት ኖሮ ስድብ በሆነ ነበር። ዮሴፍም ቢሆን ይህን ያለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ከመከራው የወጣ ሰው በጊዜው ይመስክር፤ እኛም በደስታ እንሰማዋለን። ያልወጣውን ግን አንቅደመው።

ከዮሴፍ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ረሀቡ እንደሚመጣ ያስታወቀው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን ዮሴፍ ለፈርዖን ነግሮታል። «ከእግዚአብሔር ከሆነማ ምን እናደርጋለን?» ብሎ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲሰበሰብ መከረ፤ በየከተማው ጎተራ አቆመ፤ ሰባት ዓመት አከማቸ (ዘፍ. 41)። ጎተራው የእምነቱ ሥራ ነበር።

ስብከትና ጎተራ

ይህን ሁለቱን፣ የነፍስን ቃልና የሥጋን እንጀራ፣ መለያየት እንደማይገባ አብያተ ክርስቲያናችን አስቀድመው ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን መስበክና ሰውን ማልማት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን፣ ሰውም ሙሉ ሰው ሆኖ መታየት እንደሚገባው አስረድታለች። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። እርሳቸውም ኋላ ከአገር እንዲወጡ የቀረበላቸውን ዕድል አልተቀበሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ለሌላው ሰው መከራ ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ መከራውን አብሮ መሸከም ምን እንደ ሆነ የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ያስተምረናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በፕሮጀክት የምታገለግሉ ሆይ፣ ሰው «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ለመልስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ተቀመጡ፤ የሟቹን ስም ጠይቁ፤ ከቻላችሁ አብራችሁ አልቅሱ። «አልበደልሽም» ማለት ስትችሉ በሉ፤ በብዙ ቤት ይህን ቃል የሚጠብቅ ሰው አለ። ከዚያም ተነሥታችሁ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው፣ መዝገቡ ማንን እንደ ረሳ መርምሩ። የራሳችንን ፋይል መክፈትም ከጸሎት የተለየ ሥራ አይደለም። ንስሓ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

በየአጥቢያው ያላችሁ ሽማግሌዎችና ምእመናን ሆይ፣ በጉባኤያችሁ ለልቅሶ ጊዜ ስጡ። የታመመውንና የተራበውን ሰው እምነትህ አንሶ ነው አትበሉት። ስለ ተጎዱት ስትጸልዩ «አቤቱ፣ ከዚህ መከራ ውስጥ የእኛ እጅ ያለበት የትኛው ነው?» የሚለውን ጨምሩበት። መዋጮአችሁንም ስትሰጡ እንደ ምጽዋት ሳይሆን ለጌታ ለራሱ እንደ ቀረበ ቍጠሩት።

ያ ፓምፕ ተጠግኗል። ጎማውን ለመለወጥ የፈጀው ከግማሽ ቀን ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫው በመንደሩ በውሃ ኮሚቴው እጅ እንዲቀመጥ፣ ከኮሚቴውም ሁለት ሰዎች ጥገናውን እንዲማሩ ተደርጓል። እኛም ወደዚያች እናት ቤት ሄደናል። ያን ዕለት የተናገርነው ስለ እግዚአብሔር በትክክል እንዳልነበረ፣ ማመልከቻውም በእኛ ዘንድ ተቀምጦ እንደ ነበረ ሳንሸሽግ ነገርናት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ይቅር ማለቷን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ስንነሣ ግን የልጇን ስም ነገረችን።

እግዚአብሔር እንባን ሁሉ ከዓይን የሚያብስበት፣ ሞትም የማይኖርበት ቀን እንደሚመጣ እናምናለን (ራእ. 21፥4)። እስከዚያ ቀን ድረስ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ በእጃችን የለም። ሥራው ግን በእጃችን አለ፤ ቀኑም ገና አልመሸም። የመጽናናት ሁሉ አምላክ ያዘኑትን ያጽናና፤ እኛንም በእነርሱ አጠገብ ለመቀመጥ ትዕግሥትን፣ ተነሥተን ለመሥራትም ትጋትን ይስጠን። አሜን።